ሞቶ ስለመወለድና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሞት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕክምና እንደልብ በማይገኝባቸው ታዳጊ አገሮች ያሉ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

ሞቶ መወለድና ውርጃ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነታቸው የእርግዝናው ዕድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አገርን ከአገር ለማወዳደር 28 ሳምንትን ወሰን አድርጎ ይጠቀማል። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ አንዳች የሕይወት ምልክት ሳያሳይ የተወለደ ልጅ ሞቶ እንደተወለደ ይቆጠራል። አገሮች ለራሳቸው መዝገብ ሌላ ወሰን ሊይዙ ይችላሉ፤ አሜሪካ ከ20 ሳምንት ጀምሮ ትቆጥራለች፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ24።

ከሳምንቱ ቁጥር ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ሞቶ መወለድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምጥ ከመጀመሩ በፊት፣ ምናልባትም ከቀናት በፊት፣ ማህፀን ውስጥ የሞተ ነው። ሁለተኛው ምጥ ሲጀምር ልቡ ይመታ የነበረ፣ ግን በምጡ ሰዓታት ውስጥ ያለፈ ነው። ምክንያታቸው ይለያያል፣ መከላከያቸውም ይለያያል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምጥ ሲጀምር የልብ ምቱ ይሰማ ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

ጨቅላ የሚባለው እስከ ስንት ቀኑ ነው? ስንት ልጅስ ይሞታል?

ከተወለደበት ሰዓት እስከ 28 ቀኑ ነው። በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሕፃናት አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። በቀን ከ6,000 በላይ ማለት ነው። በ2021 ደግሞ 1.9 ሚሊዮን ሕፃናት ሞተው ተወልደዋል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት በዚህች የመጀመሪያ ወር የሚያልፉ ናቸው።

በጨቅላነት ከሚሞቱት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አንድ ሳምንት አይሞላቸውም። ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ደግሞ በተወለዱበት ዕለት ነው የሚሞቱት። በምጥ ላይ የሚሞቱትን ስትጨምሩበት አደጋው የታጨቀው በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ መሆኑን ታያላችሁ፦ የምጡ ሰዓታትና ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ቀን።

ለምን ድሃ አገር ላይ ይበዛል?

የእናቶቹ ተፈጥሮ ስለሚለይ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞተው ከሚወለዱት ውስጥ በምጥ ላይ የሚሞቱት ከመቶ ስድስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በደቡብ እስያ ግን ግማሽ ያህል ይሆናሉ። ምጥ እስኪጀምር በሕይወት የነበሩ፣ አብዛኞቹም ጊዜያቸው የደረሰ ልጆች ናቸው እኮ! በሰዓቱ የሚደርስላቸው ቢኖር ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር።

የጤና ሰዎች ይሄንን «ሦስቱ መዘግየቶች» ይሉታል። ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋሙ ደጃፍ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ድህነት ሦስቱንም ያረዝማቸዋል። ባል እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ገንዘብ ይፈለጋል፣ መኪና ይጠፋል፣ ሲደረስ ደም የለም ወይም ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም የለም። እያንዳንዱ ብቻውን ትንሽ ይመስላል፤ ሲደማመር ግን ለፅንሱ ከሚተርፈው ጊዜ በላይ ይሆናል።

ምጥ ሳይጀምር ማህፀን ውስጥ የሚሞተው በምን ምክንያት ነው?

ብዙው ነገር የሚያልፈው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ፅንሱ ኦክስጅንም ምግብም የሚያገኘው በእሷ ስለሆነ፣ እሷን የሚጎዳ ሁሉ እሱን ይጎዳዋል። የእርግዝና ደም ግፊት የእንግዴ ልጅን የደም ዝውውር ያዳክማል። ፅንሱ በዕድሜው ልክ ማደግ ያቅተዋል፤ አንዳንዴም የእንግዴ ልጅ ያለጊዜዋ ትላቀቅና ደም ይፈሳል። በደንብ ያልተያዘ የስኳር በሽታ፣ ከባድ የደም ማነስ፣ መንታ እርግዝና፣ ከ42 ሳምንት ያለፈ እርግዝናም አደጋውን ያሳድጋሉ። ከአፈጣጠር ችግር የሚመጣም አለ፤ ግን ሰው እንደሚያስበው ያን ያህል አብዛኛውን የሚይዝ አይደለም።

ሁለት ኢንፌክሽኖችን ለብቻቸው ላንሳ፤ ምክንያቱም ሁለቱንም መከላከል ይቻላል። ወባ የእንግዴ ልጅ ውስጥ ይደበቃል፤ ነፍሰ ጡሯ ትኩሳት እንኳ ላይኖራት ይችላል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ሞተው ከሚወለዱት ሕፃናት አንድ አምስተኛው ያህል ከወባ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገመታል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና፣ ወባ በሚበዛበት አካባቢ ከአራተኛው ወር ጀምሮ በክትትል ላይ የሚሰጠው የመከላከያ ክኒን ይህን ይቀንሳሉ። ሌላው ቂጥኝ ነው። በጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል። በሽታው ገና ጀማሪ ከሆነ አንድ መርፌ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ባልም አብሮ መታከም አለበት፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይይዛታል። በ21ኛው ክፍለ ዘመን በቂጥኝ ልጅ መሞቱ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ምንም አያመኝም። ክትትል ምን ያደርግልኛል?

የሚያስፈራው እኮ ይሄ ነው፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ብዙዎቹ አያሙም። 140/90 የደረሰ ግፊት ይዘሽ ሥራሽን እየሠራሽ ልትውዪ ትችያለሽ። ቂጥኝም ዝም ብሎ ይቀመጣል። የደም ማነስን ደግሞ «እርግዝናው ነው የሚያደክመኝ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። በዓለም ላይ ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 37ቱ ገደማ የደም ማነስ አለባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ድሮ አራት ጊዜ ይበቃል ይል ነበር። በ2016 ወደ ስምንት ከፍ አደረገው፤ የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳያልፍ ቢሆን ይመረጣል። ስምንቱን ማግኘት የማይቻልበት ቦታ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስንቴ ሄድሽ ከሚለው እኩል ስትሄጂ ምን ተደረገልሽ የሚለው ይቆጠራል። ክብደት ተለክቶ ካርድ ላይ ተጽፎ «በሰላም ሂጂ» ከተባልሽ ክትትል ተደረገልሽ አይባልም። በሄድሽ ቁጥር ግፊትሽ መለካት አለበት። ሽንት መታየት አለበት። የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የደም ማነስ ምርመራ ሊደረግልሽ፣ የቴታነስ ክትባትና የአይረን ፎሊክ አሲድ ክኒን ልታገኚ ይገባል። ካልተደረገ ጠይቂ። መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ድፍረት አይደለም።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚጠቀጥቅ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ ወይም የሽርት ውሃ ያለ ምጥ መፍሰስ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ይኬዳል።

ዕድሜና የልጆች ብዛት ለውጥ ያመጣሉ?

አዎ። ከ20 ዓመት በታች ያሉና ከ35 ያለፉ እናቶች አደጋቸው ከፍ ይላል። የመጀመሪያ እርግዝናም፣ ብዙ ከወለዱ በኋላ የሚመጣ እርግዝናም እንዲሁ። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝ ይመከራል፤ የእናቲቱ ሰውነት ያጣውን ብረትና ፎሌት መልሶ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን «እንዲህ ከሆነ ይሞታል» ማለት አይደለም፤ የበለጠ ክትትል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሰው «ከባድ ዕቃ አንስታ ነው፣ ተናዳ ነው» ይላል። እውነት የእናትየው ጥፋት ነው?

አይደለም። ልጇን ያጣች ሴት ሁሉ ሌሊት ሌሊት ይሄንን ጥያቄ ራሷን እየጠየቀች ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲጨምርባት አልፈልግም። ከባሏ ጋር መጣላቷ፣ እጇን ወደ ላይ ማንሳቷ፣ ያማራትን ሳትበላ መቅረቷ ልጅ አይገድልም። «እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነው» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ምክንያት አይሆንም። እትብት ተጠምጥሞባቸው በሰላም የሚወለዱ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው።

ልትቀንሳቸው የምትችላቸው ነገሮች ግን አሉ፣ አልደብቅም። ሲጋራና አልኮል ይጎዳሉ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በእንጨትና በከሰል የሚበስልበት ጭስም ከሞቶ መወለድና ከክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል፤ ይሄኛው ግን በእሷ ምርጫ ብቻ የሚለወጥ አይደለም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በጀርባ ከመተኛት በጎን መተኛት ይሻላል፤ በጀርባ ሲተኙ ማህፀኑ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ይጫናል። ሌሊት ስትነቂ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚው አትደንግጪ፤ ወደ ጎንሽ ዞረሽ እንቅልፍሽን ቀጥዪ።

ሆዴ ውስጥ እንቅስቃሴው ቀንሷል። ልጠብቅ?

አትጠብቂ። «መወለጃው ሲደርስ ጸጥ ይላል» የሚባለው ልክ አይደለም። ጤነኛ ፅንስ እስከ ምጥ ድረስ፣ በምጥም ጊዜ ይንቀሳቀሳል። የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፣ ቦታው ስለሚጠበው ከመራገጥ ይልቅ መገላበጥና መግፋት ይበዛዋል፤ መቀነስ ግን የለበትም።

ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። የአንቺ ልጅ የራሱ ልማድ አለው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከተጠራጠርሽ በጎንሽ ተጋደሚና አንድ ሁለት ሰዓት ልብ ብለሽ አዳምጪው። እንደ ልማዱ ካልሆነ፣ ወይም ጭራሽ ካልተሰማሽ፣ እስኪነጋ ሳትዪ ሂጂና የልብ ምቱ ይደመጥ። ሄደሽ «ደህና ነው» ብትባዪ ጊዜሽን አላባከንሽም። ነገ ደግሞ ቢቀንስ ነገም ሂጂ።

ልቡ ሲመታ የነበረ ልጅ ምጥ ላይ ለምን ይሞታል?

ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ለአፍታ ይቀንሳል። ቁርጠቱ ሲለቅ ይመለሳል። ጤነኛ ፅንስ ይሄን ይችለዋል። ምጡ ሲረዝም፣ ቁርጠቱ እረፍት ሲያጣ፣ ልጁ በመቀመጫው ወይም በጎኑ ሲመጣ፣ ጭንቅላቱ ለዳሌው ሲበዛ፣ ወይም እትብቱ ቀድሞ ሲወርድ ግን ኦክስጅን ያጥረዋል። ይህንን የሚናገረው የልብ ምቱ ነው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። ምጥ ከተፋፋመ በኋላ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ልጁ ሊወጣ ሲል ደግሞ በየአምስት ደቂቃው መደመጥ አለበት። ብዙ ልጅ የሚጠፋው ማንም ባላዳመጠበት ሰዓት ውስጥ ነው።

ምጥ መቼ ረዘመ ይባላል? የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ለመጀመሪያ ወሊድ ከ12 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ ከ10 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ልጁን ለማውጣት መግፋት ከጀመረች በኋላ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ ሦስት ሰዓት፣ ካልሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ጣሪያው። «የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ሁለት ቀን ያስምጣል» እየተባለ ቤት የምትቀመጥ ሴት አደጋ ላይ ናት። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈም እንደዚያው፤ ኢንፌክሽን ወደ ልጁ ይወጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ምጥ ለማፋጠን ተብሎ ቤት ውስጥ ወይም በየመድኃኒት ቤቱ ኦክሲቶሲን መውጋት ልጅ ይገድላል። ማህፀኑ ያለ እረፍት ይኮማተራል፣ ልጁ ይታፈናል፣ ማህፀኑም ሊቀደድ ይችላል። ያው መርፌ ልጁ ከተወለደ በኋላ ሲሰጥ የእናትን ደም መፍሰስ ይከላከላል። ከመወለዱ በፊት ግን የልብ ምቱን የሚከታተልና ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚችል ሆስፒታል ውስጥ ብቻ፣ በጠብታ ተመጥኖ ነው የሚሰጠው።

ሲወለድ አላለቀሰም፣ አልተነፈሰም። ሞቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም! ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ። ሳይተነፍስ፣ ልምሾ መስሎ የተወለደ ልጅ ልቡ እየመታ ሊሆን ይችላል። ሞቶ ተወለደ ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ጎን የተቀመጠ ልጅ፣ ቢረዳ ኖሮ ይተርፍ የነበረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አዋላጆች ሕፃናትን ማስተንፈስ በሠለጠኑባቸው ቦታዎች «ሞቶ ተወለደ» ተብለው የሚመዘገቡ ልጆች ቁጥር ሲቀንስ ታይቷል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድሮም አልሞቱም ነበር ማለት ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። ወዲያው በደረቅና ሞቅ ባለ ጨርቅ በደንብ ይደርቃል፣ ጀርባው ይታሻል። አብዛኞቹ በዚህ ብቻ ይነቃሉ። ካልተነፈሰ ጭንቅላቱ ቀና ተደርጎ በአምቡ ባግ፣ አፍና አፍንጫው ላይ በሚደፋ የአየር መስጫ ከረጢት ማለት ነው፣ አየር ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ከመቶ ልጆች ይህ የአምቡ ባግ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከሦስት እስከ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ዕቃውም ውድ ማሽን አይደለም፣ በእጅ የሚጨመቅ ነው። ቁልቁል አንጠልጥሎ መምታት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ግን ይጎዳል እንጂ አይረዳም።

ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ፤ ማሞቂያ ማሽን የለም። ተስፋ አለው?

አለው። ከ37 ሳምንት በፊት የሚወለዱ ልጆች ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው፤ በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ነበሩ። የሚጎዳቸው ብርድ፣ የመተንፈስ ችግር፣ ኢንፌክሽንና መጥባት አለመቻል ነው። ለእነዚህ ብዙዎቹ መልሱ የእናት ደረት ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው የተጀመረው፤ ማሞቂያው ስላልበቃቸው ሐኪሞች ትንንሾቹን ልጆች በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ።

ልጁ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ፣ ቆዳው ከእናቱ ቆዳ ጋር ተጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ ጡቶቿ መሃል ይታሰራል። በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ከተቻለ ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ጨምሮ። እናት ስትደክም አባት ወይም አያት ይተካሉ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2021 የወጣ ጥናት ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ከተወለደ ጀምሮ ሲደረግ ሞትን በአንድ አራተኛ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ማለት ሐኪም አያስፈልግም ማለት አይደለም። መተንፈስ የሚያስቸግረው ልጅ ኦክስጅንና ሆስፒታል ይፈልጋል።

ልጁ ገና ሳይወለድም የሚደረግ አለ። ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ ከመጣ ለእናቲቱ የሚሰጥ የዴክሳሜታዞን መርፌ የልጁን ሳንባ ያበስላል። እናቲቱ በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰች ነው ይሄ የሚቻለው።

ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ፣ ጠብቶ፣ ከዚያ በአራተኛ ቀኑ ሞተ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ጨቅላ ሕፃን ሲታመም እንደ ትልቅ ልጅ አያስታውቅም፤ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፣ እንዲያውም ይቀዘቅዛል። ሲተኛ ሲተኛ «ደግ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ይባላል። ስለዚህ ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙልኝ፦ መጥባት ማቆም ወይም በጣም መቀነስ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ መንዘፍዘፍ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ከ37.5 ዲግሪ በላይ መሞቅ ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ መሆን፣ እትብቱ አካባቢ ቀልቶ መግል መያዝ። አንዷ ብትታይ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ነው። የማታ ምልክት ለጠዋት አይተውም።

መከላከያው ቀላል ነገር ነው፣ ግን ቀላል ስለሆነ ይናቃል። ልጁን የሚነካ ሰው እጁን ይታጠብ። እትብቱ በንጹህ ምላጭ ይቆረጥ፣ ደረቅ ሆኖ ይቆይ፣ አመድም ዘይትም እበትም አይቀባ። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቅ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ይያዝ፤ እንገሩ የመጀመሪያ ክትባቱ እንደማለት ነው፣ አይጣልም። ውሃም ስኳርም አይሰጥ። እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ታሪክ አለ። በ1988 በጨቅላ ቴታነስ፣ መንጋጋ ቆልፍ በሚባለው ማለት ነው፣ 787,000 ሕፃናት እንደሞቱ ተገምቶ ነበር። በ2018 ወደ 25,000 ወርዷል። ያደረገው የእናቶች ክትባትና ንጹህ አወላለድ ነው።

ጤና ተቋም ሄዳ ወልዳ ልጇን ያጣችስ? ታዲያ መሄዱ ምን ጠቀመ?

ከባድ ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቁትም እውነት አላቸው። በብዙ አገሮች ተቋም ውስጥ የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር በፍጥነት ጨምሯል፤ የልጆቹ ሞት ግን በዚያው ፍጥነት አልቀነሰም። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ተካሂዶ በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት አዋላጆችን በወሊድ ማረጋገጫ ዝርዝር አሠልጥኖ ነበር። አሠራራቸው ተሻሻለ፣ የሞቱ ቁጥር ግን አልቀነሰም። ዝርዝሩ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን ደም፣ ቀዶ ሕክምናና በቂ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ መሄድ ይጠቅማል፣ ግን የት እንደሚኬድ አስቀድሞ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ከፍተኛ ግፊት፣ መንታ፣ በመቀመጫ የመጣ ልጅ፣ ያለፈ ቀዶ ሕክምና ወይም ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል መውለድ አለባት። ትንሹ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው ተብሎ እዚያ ተጀምሮ በመሃል ወደ ሌላ መላክ ውድ ሰዓት ይበላል። ትራንስፖርቱም ከስምንተኛው ወር ጀምሮ የታሰበበት ይሁን፤ ማን እንደሚነዳ፣ ሌሊት ከሆነ ማን እንደሚደወልለት። አብሯት የሚገባው ሰውም ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ «የልብ ምቱ መቼ ተደመጠ?» ብሎ በትህትና ይጠይቅ።

አንዴ ሞቶ ከተወለደብኝ ቀጣዩም እንደዚያ ይሆናል?

አደጋሽ ካላጋጠማት ሴት ይበልጣል። ያም ሆኖ አብዛኞቹ እናቶች ቀጥሎ በሕይወት ያለ ልጅ ይወልዳሉ። ወሳኙ ምክንያቱ መታወቁ ነው። ምክንያቱ ግፊት ከነበረ በሚቀጥለው እርግዝና ገና ከመጀመሪያው ሐኪም ያውቀው፤ ለአንዳንድ እናቶች ከ20ኛው ሳምንት በፊት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊታዘዝ ይችላል። ቂጥኝ ከነበረ ሁለታችሁም ታከሙ። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ልጁ ከሞተ በኋላም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ስላለ ጠይቂ።

የሬሳ ምርመራና የላቦራቶሪ ጋጋታ በሌለበት ቦታም ብዙ ማወቅ ይቻላል። ከመውጣትሽ በፊት እነዚህን ጠይቂና አስጽፊ፦ ስንት ሳምንት ነበር? ክብደቱ ስንት ነበር? ምጥ ሲጀምር የልብ ምት ነበረው? ቆዳው የተላጠ ነበር ወይስ ደህና? የእንግዴ ልጅና እትብቱ ምን ይመስሉ ነበር? ግፊቴ ስንት ነበር? ቆዳው ያልተላጠ ልጅ የሞተው ብዙ ጊዜ ከመወለዱ ጥቂት ሰዓታት በፊት ነው፤ ያ ወረቀት ለቀጣዩ ሐኪም ትልቅ ነገር ይነግረዋል።

ልጁ ከሞተ በኋላ ጡቴ ወተት ሞላ። ምን ላድርግ? ልጁንስ ማየት ነበረብኝ?

ሰውነት ልጁ መሞቱን አያውቅም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወተቱ ይመጣል። ብዙ እናቶችን የሚሰብራቸው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። በደንብ የሚደግፍ ጡት መያዣ አድርጊ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው፣ የሕመም ማስታገሻ ውሰጂ። በጣም ከተወጠረ ለማቅለል ያህል ትንሽ አውጪ፤ ሙሉ በሙሉ ካለብሽው ተመልሶ ይሞላል። ወተት የሚያቆም ክኒንም አለ፣ ግን ግፊት ላለባት እናት ስለማይሆን ያለ ሐኪም አይወሰድ።

ማየትን በተመለከተ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ማቀፍ የፈለገች ትቀፍ፣ ያልፈለገች አትገደድ። «ለእሷ ብለን ነው» እየተባለ ሳትጠየቅ ወዲያው መወሰዱ ግን ትክክል አይደለም። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እሷ ናት፤ ትጠየቅ። አባትየውም ይጠየቅ፤ እሱም ልጁን አጥቷል።

ደግሞ ልጅ ስለሌለ የእናትየዋ የአራስነት ክትትል ይረሳል። እሷ ግን አራስ ናት። ደም ሊፈሳት፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሊኖራት፣ ግፊቷ ከወለደች በኋላም ሊጨምር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት ትታይ። ከሳምንታት በኋላ እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ካቆመች፣ መኖር አልፈልግም ካለች «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሂዱ።